ሸክላው ላይ የቀረው ትንፋሽ

ለምወድህ አባቴ፣

ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሃል? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኛል። ስልክ ደውዬ ስለ ባንዳችሁ የሙዚቃ ሸክላ ገና ሳነሳብህ ዘጋህብኝ። ይኸው በወረቀት መጣሁብህ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እንደምታውቀው የቅዳሜው የሬዲዮ ዝግጅቴ ስለ ጃዝ ሰዎች ነው። ሉዊ አርምስትሮንግን አሰማሁ፣ ማይልስ ዴቪስን አሰማሁ። ጆሮዬን የከፈትክልኝ አንተው ነህ፤ ማይልስን ሲነፋ ብቻ ሳይሆን ዝም ሲልም ስሚው ትለኝ ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ያንተ ተራ ነው። የባንዳችሁን ሸክላ ላሰማ አስቤ ድራመራችሁን በእንግድነት ጠራኋቸው።

ማክሰኞ ቢሮዬ መጡና ሸክላውን አብረን ሰማን። ትራምፔቱ ብቻውን ሲነሳ ሽፋኑ ላይ ትራምፔት ከሚለው ጎን ያለውን ስምህን በጣታቸው ሸፈኑና ይሄን የነፋው አባትሽ አይደለም አሉኝ። ለካ ሸክላው በተቀረጸበት ቀን ከንፈርህ ተሰንጥቆ ነበር። ሽፋኑ ታትሞ አልቋል፣ ስቱዲዮው የተገኘው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። የነፋው ታናሽ ወንድምህ፣ አጎቴ ነው። ሸክላው ሳይወጣ ሞተ።

ተናደድኩብህ አባዬ። ትምህርት ቤት ባንተ ስም ስንት ጉራ ነዝቻለሁ። ከንፈሬ አልድን አለ እያልክ አንድ ቀን እንኳ ነፍተህ አላሰማኸኝም፤ እኔ ሞኟም አመንኩህ።

ከዚያ ማዳመጫ አድርጌ ደጋግሜ ሰማሁት። ከረጅሙ ድምፅ በፊት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በደንብ ይሰማል። እዚህች ጋ ስሚ እያልክ ዓይንህን የምትጨፍነው እዚያው ላይ ነበር። ኩራት መስሎኝ ነበር።

ድራመሩ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። አጎቴን ሳንባውን ስላመመው ሐኪም እንዳይነፋ ከልክሎት ነበር። ማን ለምኖ እንዳመጣው ግን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ አልጠይቅምም።

ዝግጅቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀጥታ ይተላለፋል። ድራመሩ የነፊውን ስም አንቺ ካልጠራሽ እኔ እጠራዋለሁ ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ያንተን ስም ብጠራ እዋሻለሁ፣ የእሱን ብጠራ አንተን በሰው ፊት አዋርድሃለሁ። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ፊት አንድ ወንበር አስጨመርኩ። እንደምትመጣ ለጥበቃው ነግሬዋለሁ። ሊፍቱም ይሠራል፤ በጉልበትህ እንዳታመካኝ።

ሸክላው ሲያልቅ እኔ ዝም እላለሁ። ስሙን አንተ ጥራው።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ሰላም ያለው እንቅልፍም ይስጥህ።

የአጎቷን ትንፋሽ እየሰማች ያደገችው ልጅህ