የሃያ ዩሮው መቀመጫ

ውድ ኢሊንካ፣

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ሁለት ጊዜ ደወልኩና ሳታነሺው ዘጋሁት። ደህንነትሽን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ስገባ አትቀየሚኝ፤ ሰላምታ ካበዛሁ ወሬ ይጎተትና ዛሬም ሳልነግርሽ እቀራለሁ። ባለፈው ሳምንት እናትሽን አገኘኋት። ምን እንዳለችኝ ከመንገሬ በፊት ግን አሥራ አራት ዓመት የደበቅኩሽን ልናዘዝ።

በክሉዥ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ ለአንድ ወር በየአገሩ የሚያስኬድ የተማሪ የባቡር ትኬት ገዝተን፣ ቦርሳችንን አዝለን አውሮፓን ልናዳርስ የወጣንበትን ሐምሌ ታስታውሻለሽ። ሂሳቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለሁለታችን በቀን ሠላሳ ዩሮ፤ ከዚያ ሳንቲም አያልፍም። ዳቦ ብቻ እንድንገዛ ከቤት ዳቦ ላይ የሚቀባ የጉበት ፓቴ አሥራ ስምንት ጣሳ ጭነን ነበር። ማደሪያ እንዳንከፍል በየሦስት ቀኑ ባቡር ላይ እናድራለን። ከውጭ አገር መደወል ያስከፍላል ብዬ ስልክሽን ሳይቀር አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አንቺ ትስቂብኝ ነበር። ሊዮን ላይ ከቧንቧ ውሃ ስንቀዳ፣ «ክብርት የገንዘብ ሚኒስትር፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ መጠማት ይፈቀዳል?» ብለሽኝ ሰው ዞሮ እስኪያየን ሳቅን። እኔ ግን ቋጣሪነቴን እንደ ሙያ ነበር የማየው፤ እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር።

በዚያ ሁሉ መንገድ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፓዶቫ ላይ እንድንወርድ። እናትሽ እዚያ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ሆና ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በሦስቱ ዓመት አንድም ቀን አልተያያችሁም። የምትወጣው እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነው። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ሴቶች ሐሙሷን የምታሳልፈው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው መናፈሻ ነበር፤ ለልጆቻቸው የሚልኩትን ጥቅልና ፖስታ ለሚኒባስ ሹፌሮች የሚሰጡት እዚያ ነው። ያንቺ የጉዞ ድርሻ፣ አራት መቶ ሃምሳው ዩሮ፣ የመጣልሽም በዚሁ መንገድ ነው። ትኬታችን ቅዳሜ ስለሚያበቃ የቀረን ሐሙስ አንድ ብቻ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት እጠብቅሻለሁ ብላ መልእክት ልካልሽ ነበር።

ያን ሐሙስ ጠዋት ቱሪን ጣቢያ ላይ፣ ቦርሳ ጠብቂ ብዬሽ ብቻዬን ወደ ትኬት መስኮቱ ሄድኩ። ፈጣኑ ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፓዶቫ ያደርሰናል፤ ለመቀመጫ ግን ለእያንዳንዳችን አሥር ዩሮ ይጨመርበታል። ተመልሼ መጣሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ቦታ የለም አሉኝ፤ በቀርፋፋው እንሂድ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን» አልኩሽ። ቦታ ነበር፣ ኢሊንካ። ገንዘቡም ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ለሁለታችሁ ይበቃል ብዬ አሰላሁ። የእናትና የልጅን ጊዜ እንደ ዳቦ ቆርሼ መዘንኩት።

ቬሮና ላይ የምንቀይረው ባቡር ሳንደርስበት ሄደ። ቀጣዩም ዘገየ። ፓዶቫ ስንደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። አንቺ በመናፈሻው ውስጥ ከአግዳሚ ወንበር ወደ አግዳሚ ወንበር ስትሮጪ፣ እኔ የሁለታችንንም ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላሽ ነበርኩ። አንድ ጥቅል ታቅፋ የቆየችን ቫሲሊካ የምትባል የእናትሽ ጓደኛ ብቻ ናት። «ሄደች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት መግባት ነበረባት» አለችሽ። ቀጥላም፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ደጁ ድረስ ላድርስሽ። ባያስገቡሽ እንኳ በር ላይ ታይሻታለሽ» አለች።

ፊትሽ ተለዋወጠ። «ሦስት ዓመት የጠበቅኳት ሴትዮ አንድ ሰዓት መጠበቅ አቃታት? የሰው ደጅ አልጠናም» አልሽ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሂጂ ብልሽ ትሄጂ ነበር። የባሰውን ልንገርሽ፤ ፓዶቫ ካደርን ለሁለት አልጋ አርባ አራት ዩሮ እንደሚወጣ እያሰላሁ ስለነበር፣ አልሄድም ስትዪ በልቤ እፎይ አልኩ።

ወደ ቬኒስ በሚወስደን ባቡር ላይ ጥቅሉን ፈታሁት። በሁለት ፎጣ የተጠቀለለ አንድ ድስት ሳርማሌ ነበር፤ አሮጊቷ ሳትነቃ በማለዳ ተነስታ፣ ሩዙንና ሥጋውን በጎመን ቅጠል አንድ በአንድ እየጠቀለለች የሠራችው። አንቺ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ አልነካሽውም። እኔ ለሁለታችን በላሁት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ የዕለቱን ወጪ ጻፍኩ። እራት፣ ዜሮ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። ተመርቀሽ ኖርዌይ ገባሽ። ለእናትሽ በየወሩ ገንዘብ ትልኪላታለሽ፣ ድምፅሽን ግን አታሰሚያትም። መንደር ከተመለሰች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድም ጊዜ አልመጣሽም። ለምን ሲሉሽ «እሷም አልጠበቀችኝም» እንደምትዪ ሰምቼ፣ አሁንም አፌን ዘግቼ ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከቦቶሻኒ ከተማ በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ከእናትሽ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ስሜን ስነግራት እጄን ያዘችና እስክንወርድ አልለቀቀችኝም። ያን ሐሙስ ያነሳችው ራሷ ናት። የጠበቀችን እስከ አሥራ ሁለት ሳይሆን እስከ አንድ ሰዓት ነው። አሳልፋ ስለገባች የአሮጊቷ ልጅ ሻንጣዋን ደጅ አውጥቶ በሩን ዘጋባት። የምትሄድበት ጠፍቷት ሻንጣዋ ላይ እንደተቀመጠች ነው ቫሲሊካ መምጣታችንን ልትነግራት የደረሰችው። ያን ምሽት ከቫሲሊካ ጋር ብትሄጂ ኖሮ፣ በር ማንኳኳት ሳያስፈልግሽ ታገኚያት ነበር።

ይህን ለምን እንዳልነገረችሽ ጠየቅኳት። «ጉዞዋን እንዳላበላሽባት ብዬ ነዋ። ደግሞም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትንሽ መቆየት ነበረብኝ» አለችኝ። የኔን ጥፋት ይዛ አሥራ አራት ዓመት ራሷን ስትወቅስ ኖራለች።

ልንወርድ ስንል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን የሠራሁላትን በላችው?» አለችኝ።

«ጠግባ ነው የበላችው፣ እትዬ አውሪካ» አልኳት። ፊቷ በራ። እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። የዚያን ቀን ገጽ ከደብተሬ ገንጥዬ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ የእናትሽ ስልክ ቁጥር ከጀርባው አለ። እውነቱን ለእሷም እኔው ራሴ እነግራታለሁ፤ በዚህኛው ቃሌ እመኚኝ፣ ፋሲካን አላሳልፈውም። ለፋሲካ ሳርማሌ ትሠራለች። «ብቻዬን ስለሆንኩ አሁን አምስት ብቻ ነው የምጠቀልለው» ብላኛለች። ነይና ብዪላት።

እራትሽን የበላችብሽ፣
ስማራንዳ