የሐሙሱ ሴሚናርና ሁለተኛው ጫጩት

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እኅቴ፣ ለእትዬ ናሉዪማ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣት አሁንም ያስቸግርሻል? የዊንድሁክ ብርድ በዚህ ወር አያድርስ ነው ብለሽኝ ነበርና ደረትሽን አልያዘሽም? ባለቤትሽ ፔትሩስ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ፣ ንዳፔዋ ፈተናዋን አለፈች? ታንጌኒስ አሁንም የጎረቤት አጥር እየዘለለ ያስከስስሻል? እኔ ደኅና ነኝ። እማዬም ደኅና ናት። ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኗን ትውጥና "ይሄ መድኃኒት የጠቀመው እኔን ሳይሆን ሻጩን ነው" ትላለች። ይህን እስካለች ድረስ ጤነኛ መሆኗን እወቂ።

ባለፈው በስልክ "ድምፅሽ ልክ አይደለም፣ ምን ሆነሻል?" ስትዪኝ "ሥራ ነው" ብዬ አሳጠርኩት። ውሸት አልነበረም፤ ግን አንቺ ልታስተምሪ ክፍል ለመግባት ቸኩለሽ ሳለ ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። አሁንም ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ስል እግሬ አልረጋ ብሎኛል። እነሣለሁ፣ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ውኃ ጥጄ ረስቼው ማንቆርቆሪያው ሊቃጠል ነበር። እማዬ "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኛለች። ስለዚህ ነገሬ ቢዘበራረቅ ታገሽኝ።

የሐሙስ ሴሚናሬን ታውቂዋለሽ፤ "ለወፍ በየሳምንቱ ስብሰባ? ወፎቹ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ?" እያልሽ የምትስቂበት። ሴሚናሩን በዩኒቨርሲቲያችን የጀመሩት ፕሮፌሰር ጡረታ ሲወጡ የአዳራሹን ቁልፍና አንድ አሮጌ ፕሮጀክተር አስረክበውኝ፣ "ሐሙስ አንዴ ከተዘለለ ሰው ሁለተኛ አይመለስልሽም" ብለውኝ ሄዱ። እኔም ዘልዬ አላውቅም። ከውጭ ለሚያየው ቀላል ነው፤ አንዱ በወፍ ላይ ያጠናውን ይናገራል፣ ሌላው ይጠይቀዋል። ግን ተናጋሪው በዋዜማው "አሞኛል" ይላል፣ አዳራሹን የሕግ ተማሪዎች ቀድመው ይይዙብኛል፣ ሁሉም ሲሟላ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ለሻዩ የሚሆነውን የተጠበሰ ማንዳዚ የምገዛው እኔ ነኝ። ሁለት መምህራን ስለ እርግብ ኩላሊት ሲጣሉ የምገላግለውም እኔው። ያም ሆኖ ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ እሱን እወዳለሁ። በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ከመንገድ የገባ ሰውም ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከመንገድ የገባ አንድ ሰው መመላለስ ጀመረ። ስሙን ሰንዳጊሬ አለን። ኮቱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ማንዳዚ ሲሰጡት ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚቀበል ሰው ነው። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ስለ ቡልዌ ነበር፤ ያ አባባ በታንኳ ወስዶ ያሳየን፣ ምንቃሩ የእንጨት ጫማ የሚመስለው ትልቅ ግራጫ ወፍ። የሚናገረው ሰው ስለ ድንቢጥ ቢያወራ እንኳ፣ እሱ እጁን አውጥቶ "ቡልዌስ የት ነው የሚፈለፍለው? በየትኛው ረግረግ?" ይላል። የቡልዌ ጫጩት በድብቅ ተይዞ ባሕር ማዶ እንደሚሸጥ ስለማውቅ እጠረጥረው ጀመር።

እንዳጋጣሚ በሚቀጥለው ሐሙስ ተናጋሪው ኦጆክ ነበር። ኦጆክ የዶክትሬት ተማሪዬ ነው። ለገና በዓል እማዬን ለማየት ከጉሉ ሰሊጥ ይዞላት የመጣው፣ ረዥሙ ልጅ። የሚያጠናው ቡልዌን ነው፤ በዚህ ዓመት ናኪዩባ በሚባለው የጀልባ መቆሚያ አጠገብ፣ ደንገሉ ውስጥ፣ ሁለት ጫጩት ያለበት ጎጆ አግኝቶ ነበር። ጠርቼው "ካርታውን አታሳይ፤ የቦታውንም ስም አትጥራ" አልኩት። ተቆጣ። "ዶክተር፣ ቦታው የማይታወቅ ጥናት እኮ ወሬ ነው። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ እንዲህ ያስተማሩኝ?" አለኝ። "አስተምሬሃለሁ፤ አሁን ደግሞ ካርታውን ከንግግርህ አውጣው እያልኩህ ነው" አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን አወጣው።

ሐሙስ ዕለት ሰንዳጊሬ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኦጆክ ቡልዌ ሁለት እንቁላል እንደሚጥል፣ ቀድሞ የተፈለፈለው ታናሹን እየቀጠቀጠ ምግብና ውኃ እንደሚከለክለው፣ እናትየውም ዝም ብላ እንደምታይ፣ ታናሹ ብዙ ጊዜ እንደሚሞት በሥዕል አሳየ። ሰንዳጊሬ ተነሥቶ፣ "እንግዲህ ታናሹ መሞቱ ካልቀረ፣ አንድ ደግ ሰው ወስዶ ቢያሳድገው ማን ይጎዳል?" አለ። አንዳንዱ ተማሪ በመስማማት ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ፤ እውነት ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ኪሩንጊ የምትባል አንደበተ ሹል ተማሪ አለችኝ፤ እሷ "እኔም ለቤታችን ሁለተኛ ልጅ ነኝ ጌታዬ፤ ይውሰዱኝ ብል በምንድን ነው የሚልኩኝ፣ በካርጎ ነው?" አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

እኔን ግን ሌላ ነገር ነከሰኝ። በመጣ ቁጥር "የት ነው?" ሲል የነበረ ሰው፣ የዚያን ቀን ቦታውን አልጠየቀም። ሰው ሲበተን ኦጆክን ይዤ "ለምን ይመስልሃል ያልጠየቀው?" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "ፊልም የሚሠሩ ሰዎች አሉኝ ብሎኝ… ባለፈው ቅዳሜ ራሴ በታንኳ ወስጄ አሳይቼዋለሁ" አለኝ። ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። እኔ ለመቆጣት እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ቦርሳዬን አንሥቼ "ተነሥ" አልኩት።

እትዬ፣ በቦዳ ሞተር ተፈናጥጠን፣ ከዚያ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር ናኪዩባ ደረስን። የታንኳ ቀዛፊዎቹ አለቃ ሲራጄ ይባላል፤ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ስሜንና ጎሳዬን ጠይቆ የእማምባ ዓሣ ጎሳ ነኝ ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እናንተ እማምባን አንበላም ብላችሁ ታከብሩታላችሁ፤ ይሄ ወፍ ደግሞ ቁርስም ምሳም ያደርገዋል። ዘመዶችሽን የሚበላውን ነው ልትጠብቂ የመጣሽው?" አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ነገሩን ስነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሁለት ጎረምሶች የራሳቸውን ሞተር ጀልባ ይዘው ሊገቡ መሆኑን ሰምቶ ኖሯል። "በእኛ ውኃ ላይ? ሳያስፈቅዱን? ጎብኚ የሚመጣልን ለዚህ ወፍ ብሎ ነው፤ ወፉ ከሄደ እኔን ሊጎበኝ ነው የሚመጣው?" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዛፊዎቹና ተማሪዎቹ እየተቀያየሩ ከጎጆው ራቅ ብለው መጠበቅ ያዙ። ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ ግማሹ ሰው ረግረጉ ዳር ስለነበረ ሴሚናሩን እዚያው አደረግነው፤ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ በተገለበጡ ታንኳዎች ላይ ተቀምጠን፣ ያለ ፕሮጀክተር። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሰምቶ "ሴሚናር ክፍል ውስጥ ነው የሚደረገው፤ ይሄ ሽርሽር ነው፤ ከፕሮግራም ላይ እሰርዘዋለሁ" አለኝ። "ሰርዘው" አልኩት። እኔ እንዲህ የምናገር ሰው እንዳልሆንኩ አንቺ ታውቂያለሽ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አንዲት መምህርት ከብት ጀርባ ላይ ስለሚያርፉ ነጫጭ ወፎች ስትናገር፣ ሰንዳጊሬ ከሁለት ጎረምሶች ጋር በሞተር ጀልባ ብቅ አለ። ጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘዋል። እዚያ ያን ያህል ሰው ይኖራል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ደንገጥ አለና ወዲያው ፈገግ ብሎ "ለሴሚናሩ ነው የመጣሁት" አለኝ። ሲራጄ ከኋላዬ "ታዲያ ቅርጫቱ የማንዳዚ ነው?" አለ። ኪሩንጊ ስልኳን ይዛ ከዛፉ ጀርባ ስትሄድ አየኋት፤ ለዱር አራዊት ጠባቂዎቹ ልትደውል ነው። እነሱ እስኪደርሱ ይህን ሰው ማቆየት የእኔ ፋንታ ሆነ። "እንኳን ደኅና መጡ፣ ይቀመጡ" አልኩና ቦታ ለቀቅኩለት። ጎረምሶቹ ወደ ጀልባው ሊመለሱ ሲሉ ቀዛፊዎቹ "ኧረ ተማሩ እንጂ!" እያሉ መሀል አስገቧቸው።

በሕይወቴ ጥያቄና መልስ እንደዚያ ቀን አስረዝሜ አላውቅም። መምህርቷ ጨርሳ ልትቀመጥ ስትል "እስቲ ስለ መዥገሩ ድገሚልን" አልኳት። ተማሪዎቹ ነገሩ ገብቷቸው በየተራ እጃቸውን ያወጣሉ። ጥያቄ ሲያልቅ ሲራጄ ተነሥቶ "ይሄ ነጭ ወፍ የሚያገባው በሽማግሌ ነው ወይስ በጠለፋ?" ብሎ ጠየቀ፤ መምህርቷም ሳትስቅ ረዥም መልስ ሰጠችው። ሰንዳጊሬ ሰዓቱን ያያል፣ ላቡን ይጠርጋል። "አስተያየት ካለዎት" ብዬ ዕድሉን ለእሱም ሰጠሁት። ጠባቂዎቹ ደርሰው ጨርቁን ሲገልጡት ቅርጫቱ ውስጥ ለስላሳ ፎጣ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢትና ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩ። ሦስቱንም ሰዎች ይዘዋቸው ሄዱ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፤ እኔም ለምስክርነት ተጠርቻለሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ ብሎኝ ደውዬ በነገርኩሽ። አላለቀም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ታናሹ ጫጩት መድከም ጀመረ። ኦጆክ በመነጽር ሲያየው ውሎ ወደ እኔ መጣና "ዶክተር፣ እኔ ላውጣው። ዓሣ እየፈጨሁ አሳድገዋለሁ" አለኝ። ዐይኑ ቀልቶ ነበር። እንቢ አልኩት። "ያንን ሰው ያባረርነው ይህንኑ ስላለ ነው። ዛሬ እኛ ከወሰድነው ነገ ቅርጫት ይዞ የሚመጣ ሁሉ 'ላድነው ነው' ይላል። ደግሞም በሰው እጅ ያደገ ቡልዌ ወደ ረግረጉ አይመለስም፤ ዕድሜ ልኩን በፍርግርግ ውስጥ ነው" አልኩት። "በፍርግርግ ውስጥም ቢሆን ይኖራል" አለኝ። "እሱ ሰው ሊሸጠው ነው፤ እኔ ግን ላኖረው ነው። ልዩነቱ አይታይዎትም?" አለኝ። ይታየኛል፤ አልኩትም። ግን እሺ አላልኩም። ጫጩቱ ሞተ። ኦጆክ ታንኳው ላይ ሆኖ መሞቱን አይቶ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴሚናር መምጣት አቆመ።

ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ሲዘጋ እኛ ናኪዩባ መመላለሳችንን አልተውንም፤ ትልቁ ጫጩት ገና አልበረረማ። ማስተማር ሳይኖርብኝ እንኳ አላርፍም ነበር። ስበላ አስባለሁ፣ ልብስ ሳጥብ አስባለሁ። የጫጩቱ አንገት ሲንጋደድ ይታየኛል። ያንን ሰው ከጥያቄው ጋር አብሬ ያባረርኩት ይመስለኝ ነበር፤ ሰውየው ሄደ፣ ጥያቄው ግን ቤቴ ገብቶ ከእኔ ጋር ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ጫጩት በረረ። ክንፉን ዘርግቶ ደንገሉን እየታከከ ሄደና ወደ ውስጥ ገባ። ቀዛፊዎቹ አጨበጨቡ። ሲራጄ ሳይቀር "አሁን ሂድና የዶክተሯን ዘመዶች ብላ!" ብሎ ጮኸ።

ትናንት ሐሙስ በረግረጉ ዳር የመጨረሻው ሴሚናር ነበር፤ ወደ አዳራሹ ልንመለስ ነው፤ ኃላፊውም ከፕሮግራሙ ሳይሰርዘን ቀርቷል። ኦጆክ መጣ። ሰላም ሳይለኝ ፊት ለፊት ቆመና "ልናገር?" አለኝ። ተናገር አልኩት። ካርታ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ታናሹ ጫጩት እንዴት እንደሞተ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረን። ጎጆውን ለማን እንዳሳየ፣ እኔን ምን እንደለመነኝ፣ ምን እንደመለስኩለት፣ አንድም ሳይደብቅ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ "ዶክተር፣ አሁንም ተሳስተዋል ብዬ ነው የማምነው" አለኝ። ሰው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። እኔም ሴሚናር መሪ ነኝና ለሌላው ሰው የምለውን አልኩ፦ "ጥያቄ ያለው?" እጆች ወጡ። እስኪመሽ ተከራከርን። ግማሹ ከእሱ ጋር፣ ግማሹ ከእኔ ጋር ሆነ። ታንኳዎቹን ወደ ቦታቸው ስንመልስ ኦጆክ የአንዱን ጫፍ ያዘልኝና "የሚቀጥለው ሐሙስ ተናጋሪ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን የለኝም አልኩት። "እፈልግልዎታለሁ" አለኝ።

እትዬ፣ አንቺ የበኩር ልጅ ነሽ፤ እኔ ከሳህንሽ ስታካፍዪኝ ነው ያደግኩት። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እኅቴ ናት ብለሽ "ደግ አደረግሽ" አትበዪኝ። የምታምኚበትን ጻፊልኝ።

ለፔትሩስ ወገብህን እግዜር ይማርልህ በይልኝ። ንዳፔዋን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ታንጌኒን አጥሩን ትቶ መጽሐፉን ይያዝ ብላለች አክስትህ በይው። የፔትሩስን እናት እጅ ነሥተሽ ሰላም በይልኝ። እማዬ ደግሞ "ጉልበቷን ሞቅ ባለ ቅባት ትሸው፤ ወፍ ወፍ ብላ ልጄ ታማለችና ትጸልይላት" ብላለች። ይህንንም ጻፊ ስላለችኝ ነው የጻፍኩት።

ታናሽሽ ናንክያ

ንቲንዳ፣ ካምፓላ
ዓርብ፣ ኦገስት 23 ቀን 2019