መንፈሳችሁ አባቴ ነው፤ ተተኪ ላኩለት

ይድረስ ለክቡር የቅርሶችና የእንግዶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት ከልብ እጠይቃለሁ። ክረምቱ እንዳይጠናብዎ፣ የቢሮዎም ጣሪያ እንዳያፈስብዎ እመኛለሁ። ይህንኑ አቤቱታ ከአሁን በፊት በኦሮምኛ ጽፌ ሁለት ጊዜ በእጄ አስገብቼ ነበር። ሥራ ስለሚበዛብዎ ሳይነበብ መቅረቱን እረዳለሁ፤ ስለዚህ አሁን በማስተምረው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአደባባይ እጽፈዋለሁ። እርስዎ ባያነቡት እንኳ ራቅ ያለ ሰው አንብቦ ይነግርዎ ይሆናል።

እኔ የቡርቃ ጃቶ ነዋሪ ሊሊሴ ተረፋ ነኝ። ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን አሮጌ ምሽግ «መንፈስ ያለበት ምሽግ» ብለው ለጎብኚ ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። በሩ ላይ ባሰቀሉት ሰሌዳ እንደተገለጸው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከግንቡ ውስጥ «ኤኙ?» እያለ፣ ማለትም «ማነው?» እያለ የሚጣራ የሞተ ወታደር አለ። ሰሌዳው በጥሩ እጅ የተጻፈ ነው፤ አንድ ስሕተት ብቻ አለበት። ወታደሩ አልሞተም። አሥር አለቃ ተረፋ ጉሉማ ይባላል፣ የአርጆ ሰው ነው፣ ዛሬ ጠዋትም ቁርሱን ያበላሁት እኔ ነኝ።

ምሽጉ የመሣሪያ ግምጃ ቤት በነበረበት ጊዜ አባቴ የበሩ ዘብ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አዛዡ መኪና ላይ ወጥቶ «ተተኪ እስኪመጣልህ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» ብሎት ሄደ። ተተኪ አልመጣም። አባቴም ረሃቡ ሲጠናበት በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ በትምህርት ቤት ጥበቃነት ሲሠራ ኖሮ፣ ገበታ ላይ ተሰብስበን ስንጫወት እንኳ ድንገት «እኔ እኮ ሳላስረክብ ነው የወጣሁት» ይል ነበር። እኛ እንስቅበት ነበር።

አሁን እርጅና ትዝታውን ወሰደው። የእናቴን መሞት ረስቷል፣ የእኔንም ስም አንዳንድ ቀን ይረሳዋል፤ ያቺን ትእዛዝ ግን አልረሳትም። በየቀኑ ዳገቱን ወጥቶ ከግንቡ ሥር ይቆማል። ኮቴ ሲሰማ ተተኪው የመጣ መስሎት «ኤኙ?» ይላል። የሚመልስለት ሰው ግን የለም፤ ጎብኚዎችዎ እየጮኹ ይሮጣሉና። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የገዛ አባቴን ለማየት ትኬት ቆርጫለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ሲጀምር ካፖርቱን ይዤለት ብወጣ፣ ያለ ትኬት መግባት ክልክል ነው ተባልኩና ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰለፍኩ። «አባኮ!»፣ አባቴ ብዬ ስጣራ አስጎብኚዎ ጋሩማ «ኦቦሌቲ፣ እኅቴ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ መንፈሱ ይሸሻል» አለኝ። አባቴ ከጨለማው ወጥቶ ካፖርቱን ሲቀበለኝ አንዲት ጎብኚ ራሷን ሳተች። አሁን «መንፈሱ ካፖርት የወሰደበት ቦታ» የሚባል ማቆሚያ በጉብኝቱ ላይ መጨመሩን ሰምቻለሁ፤ ስለ ካፖርቱ ዝና ቤተሰባችን ያመሰግናል።

ሁለተኛ፣ የመንፈሱ ወሬ ስለገነነ ወንጌላዊ ቀነአ ጸሎተኞች አስከትለው ሊያስወጡት ወጡ። አባቴን ከብበው «ውጣ!» ብለው አዘዙት። እርሱም በወታደር ወግ ቀጥ ብሎ «በካ ቡኣን ኮ ሂንዱፍኔ» አላቸው፤ ተተኪዬ አልመጣም ማለቱ ነው። ወንጌላዊው እጃቸውን ከራሱ ላይ አንሥተው አለቀሱ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይኼ በጸሎት የሚወጣ አይደለም፣ በመንግሥት የሚወጣ ነው» አሉኝና ወደ እርስዎ ላኩኝ።

ሦስተኛ፣ እርስዎ ደጅ ካስጠኑኝ በኋላ በትሕትና ተቀብለው ያሉኝን አልረሳሁትም፤ «ምሽጉን ስንረከብ የተረከብነው ግንቡን፣ የብረት በሩንና ሁለት የዛጉ መድፎችን ነው፤ ሰው አልተረከብንም» አሉኝ። ትክክል ነዎት። ለዛገ መድፍ ርክክብ ተደርጎለታል፣ ለአባቴ አልተደረገለትም፤ እኔም የምጮኸው ለዚሁ ነው። ስወጣም ጎብኚ ስለጨመረ አባቴ ለጊዜው ባይቀር መልካም መሆኑን አክለውልኛል፤ ለአረጋውያን ያለዎትን አስተያየት በጣም አደንቃለሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የአክስቴን ልጅ ያደታን የተውሶ የደንብ ልብስ አልብሼ «ተተኪህ ነኝ» እንዲለው ልኬው ነበር። አባቴ ከየትኛው ክፍለ ጦር እንደመጣ ጠየቀው። ያደታ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ግራ ቢገባው «ከሲሬ መናኸሪያ» አለ። ያን ቀን አባቴ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ደግኖበት፣ ያደታ ሁለት እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ዋለ።

የምለምንዎ ጡረታም ሐውልትም አይደለም። ሹመት ያለው፣ ማዘዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ዳገቱን ወጥቶ፣ ከአባቴ ፊት ቆሞ፣ «አሥር አለቃ ተረፋ፣ ቦታውን ተረክቤያለሁ፤ ቤትህ ግባ» እንዲለው ብቻ ነው። ሐምሌ ነው። በየቀኑ ዝናብ ይመታዋል፤ ሳሉ ደረቱን ሊሰነጥቀው ደርሷል። በር ብቆልፍበት በመስኮት ይወጣል፤ ብለምነው እንደ ልጅ ያለቅሳል። ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ጨንቆኛል። አባቴ እዚያ ግንብ ሥር እንደቆመ ሊሞትብኝ ነው። የሞተ ዕለት ሰሌዳዎ ትክክል ይሆናል፤ እኔ የምለምንዎ ሰሌዳው ስሕተት ሆኖ እንዲቆይልኝ ነው።

ለቅርሶቻችን በሚያሳዩት፣ ለቅርሱ ጠባቂ ግን ገና ባልደረሰው ጥልቅ ፍቅር ፊት በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ የሥራ ዘመንዎ እንዲባረክ፣ ሲደክምዎም ተተኪዎ በሰዓቱ እንዲደርስልዎ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ሊሊሴ ተረፋ
መምህርት፣ የመንፈሱ ልጅ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ የሚመለከተው ካለ

እንዳይረሳ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ምሽጉ ብወጣ አባቴን ትኩሳት ጥሎት ከግንቡ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ውረድ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። በኋላ ግን፣ ዘብ ታሞ መቆም ካቃተው ለሚያምነው ሰው ለጊዜው ማስረከብ ይችላል አለና ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ። ዱላውን ሰጠኝ፣ ወታደራዊ ሰላምታም ሰጠኝ፣ ከዚያ በያደታ ባጃጅ ወርዶ ተኛ። ጎረቤታችን ወይንሸት ደውላ፣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ሲወስደው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው በቦታው ማን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ መውረድ አልቻልኩም፤ ይህንንም በስልኬ የምጽፈው በሩ ሥር ቆሜ ነው። ጋሩማ የዛሬዎቹን ጎብኚዎች ይዞ እየመጣ ነው፤ መንፈሱ ሚስት ማግባቱን ሲነግራቸው ይሰማኛል። ክቡር ሆይ፣ የአባቴን ተተኪ መላክ ካስቸገረዎ የእኔን ይላኩልኝ፤ እየመሸ ነው፣ እኔ ደግሞ መንፈስ እፈራለሁ።