የወይዘሮ ሳቴኒክ መስኮትና የአንጃር አውቶቡስ

እናታችን ወይዘሮ ሳቴኒክ ታሽጂያን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1951፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቅዳሴው ደወል ሲደወል፣ ከአባታቸው ከአቶ ሚሳክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቫርቱሂ በአንጃር መንደር ተወለዱ። በዚያ ጠዋት ጉሙ ከፖም ዛፎቹ ላይ አልተነሣም ነበር ይባላል፤ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ጉም ሲያዩ ዘመድ የመጣላቸው ያህል ፈገግ ይሉ ነበር።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በዋናው መንገድ ዳር ባለው የአባታቸው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ መሥራት ጀመሩ። አቶ ሚሳክ የሚሸጡትን ግራሶ በየዓይነቱ በብልቃጥ አድርገው፣ በየብልቃጡ አንድ የፍሬን ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቀለበት፣ ዘፍዝፈው መስኮቱ ላይ ይደረድሩ ነበር። ጎሚኒውን ያሳበጠ ግራሶ ለፍሬን አይሸጥም። እናታችን ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው አልተዉም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በብልቃጦቹ ውስጥ ስታልፍ ወለሉ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ማር የመሰለ ብርሃን ይነጠፋል፤ እኛ ልጆቻቸው እዚያ ብርሃን ላይ እየተኛን አደግን።

አባታችን አቶ ኖራይር የቤይሩት መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። መጀመሪያ የመጡት የፍሬን ሸራ ሊገዙ ነው። ጎሚኒዎቹን አይተው፣ «ሳቴኒክ፣ ከዚያ የወይራ ፍሬ ትንሽ አቅምሺኝ እስቲ» ቢሉ፣ «ጥርስህን ካመንክ ውሰድ» አሏቸው። በ1974 ተጋቡ።

በ1993 የመስቀል በዓል ዕለት፣ ሌሊቱን ሲማሰል ያደረው ሀሪሳ፣ የስንዴና የሥጋው ገንፎ፣ ተባርኮ ከታደለ በኋላ፣ ድርሻቸውን ይዘው ተራራውን ወደ ቤይሩቱ የቡርጅ ሐሙድ ሰፈር የሚሻገሩ ሰዎች የአባታችንን አውቶቡስ ሞሉት። አውቶቡሱ ከቤይሩት ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም። እናታችን በአጠገቡ ሲያልፉ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው፤ መዳፋቸውን ወደ ፊት ጎማዎቹ አስጠጉ። የአንደኛው ወላፈን ይጋረፋል፣ ሌላው ለብ ብቻ ብሏል። ፍሬኑን ከሳምንታት በፊት የጠገኑት የአባታችን ታላቅ ወንድም አቶ ኢሽኻን ነበሩ።

«ጋሼ ኢሽኻን፣ የፍሬኑን ፒን ምን ቀቡት?»

«ግራሶ ነዋ። ቅቤ ልቀባው ኖሯል?»

«የትኛውን ግራሶ?»

«ቀዩን። ኩሽኔታ የሚያስሮጥ ግራሶ ፒን ማንሸራተት ያቅተዋል?»

እናታችን ከሱቅ የቀዩን ብልቃጥ አመጡ። ጎሚኒው ውኃ እንደጠጣ ዳቦ አብጧል። «እዚያ ውስጥ ያለውም እንዲህ ሆኖ ፍሬኑ የሚንሸራተትበትን ፒን አንቆታል፤ ፍሬኑም ጎማውን አልለቅ ብሏል። ኖራይር፣ በዚህ ፍሬን ቁልቁለቱን አትወርድም» አሉ።

ተሳፋሪው ሁሉ አባታችንን ማየት ጀመረ። ወይ ታላቅ ወንድማቸውን ወይ ሚስታቸውን በሰው ፊት ማሳፈር ነበረባቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጧል። ቁልፉን ነቀሉና «ውረዱ» አሉ።

«የዚህ መኪና ፍሬን ሚስቱ ናት» አለ አንዱ።

«ታዲያ እሷስ በሰዓቱ ያዘች» አለች ሌላዋ፣ የሀሪሳ ድስቷን አቅፋ እየወረደች።

አቶ ኢሽኻን ፒኑን በጉጠት ቢስቡት እንቢ አላቸው። ጉጠቱን ለእናታችን አቀበሉ። እሳቸውም ፒኑን አውጥተው ጠረጉ፣ ጎሚኒውን ቀየሩ፣ ላስቲክ የማያሳብጠውንና ሙቀት የሚችለውን የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀቡ፤ ሸራውንና ዲስኩን ቅባት እንዳይነካቸው እጃቸውን ታጥበው ገጠሙ። ማምሻውን ያን ቁልቁለት በጉም ውስጥ ወረዱት። በውስጡ የነበሩት፣ መኪናው የቆመና ተራራው በቀስታ ሽቅብ የሚሄድ መስሎን ነበር ይላሉ።

አባታችን በ2011 ካረፉ በኋላ እናታችን በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በዚህ የብርድ ወራት አልጋቸው መስኮቱ ሥር ሆኖ፣ በረዶውን እያዩ «ዛሬ የተራራው መንገድ ተከፈተ?» ይሉ ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2019፣ መንገዱ በተከፈተበት ጠዋት፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። አምላክ ነፍሳቸውን ጉም በሌለበት መንገድ ይምራት፤ በደጋጎቹ እቅፍም ያሳርፋት።

የቤይሩት ለቀስተኞችን ትናንት ማታ ልጃቸው ሴሮፕ በአውቶቡሱ አመጣቸው። አቶ ኢሽኻን ምርኩዛቸውን ይዘው ወጥተው ጎማዎቹን በየተራ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሁሉም እኩል ለብ ብለው ነበር።