ለአባዬ ሞተር የመረጥኩት ባትሪ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጸጋአብ፤

እንዴት ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም መሪ ጨብጠህ ውለህ ማታ ታቃስታለህ? ባለቤትህ ፌኔትስ? ትንሿ ልጃችሁ ውዳሴስ አደገች? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጉልበቷን እንደ ልማዷ ትረግማለች። እኔም ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

ስትደውል «ደህና ነኝ» ብዬ ቶሎ የምዘጋው ተቀይሜህ አይደለም፤ የምለው ስለሚጠፋኝ ነው። አባዬን ከቀበርን ወዲህ እንባ የሚባል አልወጣልኝም። ለቀስተኛ ሲመጣ ወንበር አቀርባለሁ፣ ሳህን እሰበስባለሁ። ሴቶቹ እያዩኝ «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ይባባላሉ። እኔም እሱኑ ነው የምጠይቀው። ሾፌሩ ማኑሄ ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ስለሚመጣ፣ የአርባውን ነገር በጽሑፍ ልንገርህ አልኩ።

የአባዬ የሞተር ውድድር ጓደኛ ጋሽ ጉተማ ከፉሪ ድረስ መጥተው የሞተረኞቹን ልማድ አስታወሱን። ከእነሱ አንዱ ሲያልፍ፣ በአርባው ሞተሩን ግቢው ውስጥ ያስነሡለታል። ማንም እጁን ሰዶ አያጠፋውም። የእሽቅድምድም ሞተር ክብደት እንዳይበዛበት ተብሎ ዲናሞ ስለሌለው፣ ካንዴላው ብልጭታ የሚያገኘው ከባትሪው ብቻ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩ በራሱ ይንተፋተፍና ይቆማል። ያኔ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ብለው ይበተናሉ። አባዬ ለስንቱ ጓደኛው ይህን አድርጓል። አሁን ተራው የእሱ ሲሆን የቀሩት ጋሽ ጉተማ ብቻ ናቸው። ሞተሩ ካልተነሣ አባዬ ሳይሸኝ እንደቀረ ነው የሚቆጥሩት።

ባትሪው ግን አብጦ ተሰነጣጥቋል። ጎፋ፣ የሶላር ዕቃ የሚሸጠው ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ለክቼ በሄድኩት መሠረት ከመቀመጫው ሥር ካለው ሳጥን አይገባም፤ ስለዚህ ሊቲየም ይሻልሻል አለኝ። ሁለት አወጣልኝ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ አቅሙ ከፍ ያለ። ትልቁ እንኳ ከአንድ ኪሎ ስኳር ቢበልጥ ትንሽ ነው። ኢድሪስ ወሬ አይሰለቸውም። ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ኮይል ስድስት ቮልት ነው አሥራ ሁለት? ብሎ ጋሽ ጉተማ ጋ አስደወለኝ፤ አሥራ ሁለት ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን እንዳላምታታ፣ ለአሲድ ባትሪ በተሠራ ቻርጀር እንዳልሞላው፣ ውሃ ጨምሪበት የሚለኝ ካለ እንዳልሰማው መከረኝ። የአሲዱ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ይሄ ግን እስከ መጨረሻው ጉልበቱን አይለቅም አለ። ጋሽ ጉተማ በስልክ ትንሹ ይበቃል ብለውኝ ነበር። እኔ ትልቁን ገዛሁ።

በአርባው ከአቦ ተመልሰን ዝክሩ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ከጎረቤት ወንዶች ጋር ሞተሩን ገፍተን አስነሣነው። ወዲያው ተነሣ። ጋሽ ጉተማ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሰው ሁሉ ቆመ፣ እማዬ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። እኔ የባትሪው ሽቦ እንዳይላላ ነበር የማየው።

ሞተሩ ግን አልቆም አለ። ሰው ቆሞ ጠበቀ፣ ሲደክመው ተቀመጠ፣ ለቅሶውም በረደ። ጎረቤቶች ምን ጉድ ነው እያሉ በበሩ ብቅ ይላሉ። በኋላ እማዬ እንኳ እንባዋን ጠርጋ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም አልሄድም አለ?» ስትል ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጋሽ ጉተማ መዳፋቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ፊታቸው ተለዋወጠ። ነፋስ ሳያገኝ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ይቃጠላል፣ መጥፋት አለበት አሉ። ማን ያጥፋው? እሳቸው የጓደኛዬን ሞተር በእጄ አላጠፋም አሉ። እማዬ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ጉተማ «ባትሪውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

ለካ ትልቁን የገዛሁት እንዳይቆም ብዬ ነው፣ ወንድሜ። ሄጄ ማጥፊያውን ተጫንኩት። ሞተሩ ቆመ። ሁሉም እኔን ያያሉ፣ ነፍስ ይማር የሚል ጠፋ። እኔው አልኩ፤ ሳልጨርሰው ሞተሩን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንዳለቀስኩ እማዬ ትንገርህ። የጭስ ማውጫው ክንዴን ሲያቃጥለኝ አልተሰማኝም ነበር። አሁን ግን ያመኛል። ክንዴም፣ ሌላውም።

ለፌኔት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለአባዬ ያስቀደሰችውን ቅዳሴ እማዬ ሰምታ መርቃታለች። ውዳሴን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። እማዬ ጀርባህን ቅባት አስቀባ ብላሃለች። ጋሽ ጉተማም ሰላም ብለውሃል። የእሳቸውን ሞተር የሚያስነሣላቸው ጓደኛ ስላልቀረ፣ ቀኑ ሲደርስ እንዳስነሣላቸው እኔን አደራ ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ትንሹን ባትሪ ግዢ አሉኝ።

እህትህ መቅደላዊት ገብረ መድኅን
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.