እትዬ አትፈቅድም

ውድ እትዬ፣

በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ስለምታቋርጪኝ መጻፍ ይሻለኛል። ንዴቴ ይብረድ ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አልበረደም።

አባባን ልቡን ያመመው ጊዜ ሐኪሙ ሥጋና ቅቤ ይቀንስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ያብዛ፣ ቫይታሚኑንም ይውሰድ ነበር ያለው። ይቀንስ ነው ያለው፤ አንቺ እዚያው ያለሽበት ከተማ ሆነሽ በስልክ "እንዳይነካ" አደረግሽው። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ጠቅሞታል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ያወጣው ቦርጭ ጎደለ፣ ደረጃውን ሳያርፍ መውጣት ጀመረ። አልክድሽም።

ከዚያ ግን በየሳምንቱ የአዲስ ባለሙያ ቪዲዮ በስልኬ ላክሽብኝ። አንዱ ዘይት መርዝ ነው ይላል፣ ሌላው ካሮት ያለ ዘይት አይጠቅምም ይላል። አኩሪ አተር አብዢ አልሽኝ፤ የገዛሁትን ሳልጨርስ ተይው አልሽኝ። ማንኪያ ይዤ ምድጃው ፊት ቆሜ የማንን ልስማ? ታላቄ ነሽ፣ የተማርሽ ነሽ፣ የአንቺን ሰማሁ።

አንድ ጠዋት ከጎረቤት የእንቁላል ጥብስ ሸተተው። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣

"ልጄ፣ አንዲት እንቁላል ብበላ ምን እሆናለሁ?" አለኝ።

"እትዬ አትፈቅድም" አልኩት።

ምስሩን በላ። ስንቱን ተሳፋሪ በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኝ የነበረ ሰው፣ እትዬ! አንዲት እንቁላል አስለመንነው።

ቆይቶ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ብነግርሽ እርጅና ነው አልሽ። ከዚያ ደረጃው ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ደሙ ሲመረመር ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት ክፉኛ አንሶታል። አዲሷ ሐኪም መዝገቡን አገላብጣ፣

"እንክብሉን ማን አስቆመው?" አለችኝ።

"የፋብሪካ ነገር ምን ያደርግለታል፣ አትክልቱ ይበቃዋል" ያልሽው አንቺ ነሽ። ከመሳቢያው አውጥቼ የጣልኩት ግን እኔ ነኝ። ለሐኪሟ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ራሱ ነው የተወው አልኳት። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ ነበር። አላጋለጠኝም።

አሁን መርፌ እየተወጋ ነው፤ ጣቶቹ ቀስ በቀስ እየተመለሱ ነው። ዛሬም አብዛኛው ምግባችን አትክልትና ጥራጥሬ ነው። እንቁላል ሲያምረው ይበላል፣ ዓሣ ሲገኝ ይበላል፣ እንክብሉንም ይውጣል። ባለሙያዎቹ ለምን አይስማሙም ብዬ ሐኪሟን ብጠይቃት "በሁሉም ነገር አንስማማም፤ አንቺ ሰውየውን እያየሽ አብስይ" አለችኝ። አንቺ ስለ ምግቡ ያላነበብሽው የለም። እሱን ካየሽው ግን ሁለት ዓመት አለፈ።

ትናንት ስለ ውሸቴ ይቅርታ ጠየቅሁት። "እንድኖር ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የምበላው እኔ ነኝ፣ እኔንም ጠይቁኝ" አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

እሁድ ሥራ ገቢ ነኝ። መጥተሽ ምሳውን አንቺ ሥሪለት። ምን ልሥራ ብለሽ ግን ለእኔ እንዳትደውይ።

ተናዳም የምትወድሽ
ታናሽሽ