ሃያ ስምንት ዓመት ወደኋላ

ውድ እትዬ፣

ማክሰኞ ዕለት አንቺ የሠራሽውን የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቀኑን ለሙከራ ወደ መጪው ክረምት ስንገፋው ቆመ።

ሳጥኑ ሰከንድ ይቆጥራል። ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ ሲሞላ ግን ሰዓቱ በአንዴ እጅግ ወደራቀ ዘመን ይመለሳል፤ ከዚያ ውሃ የሚገፋበት ተራ ገና ነው ብሎ ይጠብቃል። ፓምፑም አብሮት ይጠብቃል። እማዬም ክሊኒኩም ውሃ የሚያገኙበት የላይኛው ሰፈር ታንክ በዚህ መሀል ይደርቃል።

አልደነቀንም። ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት ለአለቃችን ነግረሻቸው ነበር። "ያቺን የሰዓቷን ነገር ሳልጨርሳት መሄዴ ነው፤ ስመለስ እሞክራታለሁ" ብለሽ። ሳጥኑን ስትሠሪ ገና ወጣት ነበርሽ፤ አሥር ዓመት ከቆየ ይበቃዋል ትይ ነበር። እሱ እስከዛሬ አለ። አንቺን ከቀበርን ሦስት ወር ሆነን።

መላውን ያመጡት አለቃችን ናቸው፣ ያው "ቀስ በሉ" የምትያቸው። የሳጥኑን ዓመት ሃያ ስምንት ዓመት ወደኋላ እንመልሰው አሉ። የሳምንቱ ቀናት በሃያ ስምንት ዓመት ዞረው ይገጥማሉ፤ ሰኞው ሰኞ፣ እሑዱ እሑድ ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ ከዚያ ሌላ የሚጠይቀው የለም።

"ከፕሮግራሙ አንድ ፊደል አትነካም" አሉኝ። "ሁሉንም ጣቢያ በአንድ ቀን ትጨርሳለህ።"

"ሃያ ስምንት ዓመት?" አለ ያ ሽቦ የምንለው ኤሌክትሪሺያናችን፣ መላጣውን እያሻሸ። "እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ፤ ያኔ ፀጉር ነበረኝ።"

ሳቅን። ከቀብርሽ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ሞከርነው፤ ሠራ። ማሳያው ላይ ያ ዓመት ወጣ፣ ፓምፑም ተራውን ጠብቆ ተነሣ። አንቺ የአባዬን ሬዲዮ ፈታተሽ መልሰሽ የገጠምሽበት ዓመት ነው። አባዬ ሊከፍተው እጁን ሲዘረጋ፣ "አባዬ፣ ቆይ፤ አንድ ብሎን ተርፎኛል" አልሽው። እኔ ብሆን ኪሴ ከትቻት ዝም ነበር የምለው።

ማታ ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። ጀሪካን እየሞላች ነበር።

"እንግዲህ እዚያ ሳጥን ውስጥ ልጄ ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ።

"አሥራ አራት።"

"አባታችሁስ?"

"አለ።"

ቧንቧውን ዘጋች። "ተዉት እንግዲያው። እንደዚያው ይሁን።"

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እንደዚያው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አዲስ ፕሮግራም ይጻፍ ማለት ያንቺ ከየጣቢያው ይጥፋ ማለት ነው። እጅሽ ያረፈበት ሌላ ነገር በዚህ መሥሪያ ቤት የለም፤ ወንበርሽ ላይ እንኳ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ግን ሃያ ስምንት ዓመቱም ያልቃል፤ ያው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ከእኛ አንዳችንም እዚህ አንገኝም። ታንኩ ደርቆ ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው፣ ዓመቱ ለምን እንደተዛባ የሚነግረው አያገኝም። ስመለስ እሞክራታለሁ ያልሽው ይህ እንዳይመጣ ነበር። ሳትመለሺ ቀረሽ፤ ሥራው ግን አልቀረም።

ትናንት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። "ጋሼ፣ ሰፋ ያለ ቁጥር የሚይዝ አዲስ ፕሮግራም ልጻፍ። ክረምት ሳይገባ አደርሰዋለሁ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "የእህትህ ሥራ ይጥፋ ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"እናትህ ያውቃሉ?"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"ቀስ በል፣ ልጄ" አሉኝ። "ባይሆን አስብበት። እኔ የትኛውንም እፈርማለሁ።"

እማዬ እስካሁን አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ "ያቺ ልጅ እንዴት ናት?" እያለች ትጠይቀኛለች፤ ሳጥኑን ማለቷ ነው። ደህና ናት እላታለሁ።

አለቃችን ቃሌን ማጠፍ ከፈለግሁ እስከ ዓርብ ጠዋት ጊዜ ሰጥተውኛል።

ታናሽ ወንድምሽ